ከማመልከቻ እስከ ምዘና ቀን፦ በእንግሊዝ የሕግ ቢሮዎች የሥራ ልምምድ ለሚሹ ወጣቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በእንግሊዝ አገር ወደ ሕግ ሙያ የሚያስገባው ዋናው በር ለብዙዎች የሚከፈተው ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ትልልቆቹ የሕግ ቢሮዎች ሠልጣኞቻቸውን የሚመርጡት ሥልጠናው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ነው። ከሚመርጡባቸውም መንገዶች ዋነኛው ቫኬሽን ስኪም የሚባለው፣ በዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት የሚቆይ የሥራ ልምምድ ነው። አንዳንድ ቢሮዎች ከዚህ ልምምድ ካለፉት ውጭ ሠልጣኝ አይቀጥሩም። «መጀመሪያ ዲግሪዬን ልያዝ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚል ተማሪ፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ እኩዮቹ ቦታ ከያዙ በኋላ ይደርሳል።

አባቱ ወይም አክስቱ ጠበቃ የሆኑለት ልጅ ይህን ሁሉ በእራት ገበታ ላይ እየሰማ ያድጋል። ከኢትዮጵያ መጥተው ሌት ተቀን ሠርተው ልጆቻቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ ወላጆች ቤት ግን ይህን የሚነግር የለም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚያ ቤቶች ልጆች ነው። እዚህ ለተወለዳችሁም፣ በቅርቡ ለመጣችሁም፣ አገር ቤት ሕግ አጥንታችሁ እዚህ መንገድ ለምትፈልጉም ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። እነዚህ ቢሮዎች ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ የሚጠይቁት ማስረጃ ነው። ጠበቃ በፍርድ ቤት «ደንበኛዬ ትክክል ነው» ብሎ ብቻ እንደማይረታ ሁሉ፣ «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ያለ አመልካችም በቃሉ ብቻ አይመረጥም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ማስረጃን ለማግኘት፣ ለማደራጀትና በሰዓቱ ለማቅረብ የሚረዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሙያውን መንገድ እወቁ

በእንግሊዝና በዌልስ ሶሊሲተር የሚባለው ጠበቃ ለመሆን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሚሠራበት ሥርዓት አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት፣ ኤስኪውኢ የሚባሉትን ሁለት የፈተና ክፍሎች ማለፍ፣ የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ፣ እንዲሁም የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ። የመጀመሪያው ፈተና በሁለት ወረቀት የተከፈሉ 360 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ሁለተኛው ደንበኛ ማነጋገርን፣ ጥብቅናን፣ የሕግ ጥናትንና ሰነድ ማርቀቅን በተግባር ይፈትናል።

የታወቀው መንገድ ትሬኒንግ ኮንትራክት ነው። ሠልጣኙ ሁለት ዓመት በአንድ ቢሮ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ክፍሎች እየተዘዋወረ በእያንዳንዱ ስድስት ወር ይቆያል። ትልልቆቹ ቢሮዎች የፈተናውን ዝግጅትና ክፍያ ይሸፍናሉ፣ ለኑሮም ድጎማ ይሰጣሉ። ቫኬሽን ስኪም ወደዚህ ውል የሚያደርስ ድልድይ ነው። ዲግሪያችሁ በሕግ ባይሆንም መንገዱ አልተዘጋም፤ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ኬሚስትሪ ያጠኑ ሰዎች በየዓመቱ ይገባሉ፤ ቢሮዎቹ የአንድ ዓመት ገደማ የሕግ መሸጋገሪያ ትምህርት ይልኳቸዋል።

ሌላም መንገድ አለ። የሁለት ዓመቱ ልምድ እስከ አራት በሚደርሱ ድርጅቶች ተከፋፍሎ ሊሞላ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ አገልግሎት ወይም በሰፈር የሕግ ማዕከል በበጎ ፈቃድ የተሠራ የሕግ ሥራ፣ ሥራው ተመዝግቦ በሶሊሲተር ከተረጋገጠ፣ ይቆጠራል። ውጭ አገር የተገኘ ልምድም በተመሳሳይ ሁኔታ ሊቆጠር ይችላል። አገር ቤት የጥብቅና ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ለውጭ ጠበቆች በተዘጋጀው መንገድ ማመልከት ትችላላችሁ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ በፍርድ ቤት ቆሞ መከራከርን ዋና ሥራው ያደረገው ባሪስተርም መንገዱ ሌላ ነው።

ደረጃ 2፦ የቀን መቁጠሪያችሁን አስተካክሉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የአብዛኞቹ ትልልቅ ቢሮዎች ማመልከቻ የሚከፈተው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ለክረምትና ለፀደይ የሚሆኑት ቀድመው፣ ለበጋው የሚሆኑት ብዙዎቹ በታኅሣሥና በጥር ይዘጋሉ። እዚህ ላይ የጠቀስኳቸው ወራትና ወቅቶች በእንግሊዝ አገር አቆጣጠር ናቸው። አንዳንድ ቢሮዎች የመዝጊያውን ቀን ሳይጠብቁ ማመልከቻ በደረሳቸው ቁጥር ስለሚመርጡ፣ በመጨረሻው ሌሊት የሚላክ ማመልከቻ ጥቂት የቀሩ ቦታዎችን ብቻ ይሻማል።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆናችሁ ለእናንተ የተዘጋጁትን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉብኝቶችና ኦፕን ዴይ የሚባሉ መርሐ ግብሮች ፈልጉ። ሕግ የምታጠኑ ከሆነ ለዋናው የሥራ ልምምድ የምታመለክቱት ከመመረቂያችሁ በፊት ባለው ዓመት ነው። ሌላ ትምህርት የምታጠኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ዓመት ታመለክታላችሁ። የተመረቃችሁም ብትሆኑ ብዙ ቢሮዎች ይቀበሏችኋል።

ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ታናናሾች ካሏችሁ የሰተን ትረስት ፓዝዌይስ ቱ ሎው የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ንገሯቸው። ዩኒቨርሲቲ ላሉት ኤስኢኦ ለንደን፣ አስፓይሪንግ ሶሊሲተርስና 10,000 ብላክ ኢንተርንስ ማመልከቻ በማረም፣ ከአማካሪ ጋር በማገናኘትና የሚከፈልበት ልምምድ በማፈላለግ ይረዳሉ። አገልግሎታቸው ለአመልካቾች ነጻ ነው፤ ስለዚህ ለማንም አገናኝ ገንዘብ አትክፈሉ።

ደረጃ 3፦ ቢሮ ምረጡ፣ መብታችሁንም አረጋግጡ

ሁሉም የሕግ ቢሮ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ክሊፈርድ ቻንስ፣ ሊንክሌተርስ፣ ፍሬሽፊልድስ፣ ስሎተር ኤንድ ሜይ እና ኤ ኤንድ ኦ ሸርማን «ማጂክ ሰርክል» በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ሲሆን፣ ዋና ሥራቸው ከትልልቅ ኩባንያዎች፣ ከባንኮችና ከመንግሥታት ጋር ነው። ሌተም ኤንድ ዋትኪንስና ዋይት ኤንድ ኬዝን የመሳሰሉ የአሜሪካ ቢሮዎችም ለንደን ውስጥ ጠንካራ ቅርንጫፍ አላቸው። ከእነዚህ ውጭ በማንቸስተር፣ በሊድስና በብሪስቶል የሚሠሩ ትልልቅ ቢሮዎች አሉ። የኢሚግሬሽን፣ የቤተሰብና የወንጀል ጉዳይ የሚይዙ የሰፈር ቢሮዎችና የሕግ ማዕከላትም አሉ። የመጀመሪያው የሕግ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970 በሰሜን ኬንሲንግተን የተከፈተው ሲሆን ዛሬም አቅም ለሌለው ነዋሪ ይቆማል።

ሃምሳ ቢሮ ጋ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመላክ ለጥቂቶች በደንብ አስባችሁ መጻፍ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ቢሮ አንድ ገጽ ክፈቱና ይህን መዝግቡ፦ የሚታወቅበት የሥራ ዘርፍ፣ በቅርቡ የያዘው አንድ ጉዳይ፣ በዓመት ስንት ሠልጣኝ እንደሚቀበል፣ ሠልጣኞቹን እንዴት እንደሚያሠራ። ሎውኬሪየርስ ዶት ኔትና ቻምበርስ ስቱደንት ይህን መረጃ በነጻ ይሰጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን እዚያ የሚሠራ ሰው ማናገር ነው። በዩኒቨርሲቲ የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ሠልጣኙን «ባለፈው ሳምንት ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድረ ገጹ ላይ የማይገኝ መልስ ታገኛላችሁ።

የመሥራት መብታችሁንም ቀድማችሁ አጣሩ። በተማሪ ቪዛ ዲግሪ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ወቅት ደግሞ ሙሉ ጊዜ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ በዕረፍት የሚደረግ ልምምድ ከሕጉ ጋር አይጋጭም። በስደተኝነት ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የመሥራት መብት አለው። ትልልቅ ቢሮዎች ለሠልጣኞቻቸው የሥራ ቪዛ ስፖንሰር እንደሚሆኑ ብዙ ጊዜ በግልጽ ይጽፋሉ፤ ካልጻፉ በኢሜይል ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ማንንም አያስጠላም።

ደረጃ 4፦ ከመጻፋችሁ በፊት ማስረጃችሁን ሰብስቡ

ልጆቻችን በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሕይወታቸው ማስረጃ አጥቶ ግን አይደለም። ያደግንበት ሥርዓት ስለ ራስ መናገርን እንደ ጉራ ያያል፤ በጎ ሥራን ሌላ ሰው ይናገርልን እንላለን። ስለዚህ ስንጽፍ «እኛ አዘጋጀን፣ እኛ ረዳን» እንላለን። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ግን እናንተ ያደረጋችሁትን ከሌላው ድርሻ መለየት አለበት። ያደረጋችሁትን በልኩ መናገር ትሕትናን አይጥስም፤ ምስክርነት መስጠት ነው።

አንድ ደብተር ያዙና ያለፉትን አምስት ዓመታት ቆጥራችሁ ጻፉ። ለእናታችሁ በሐኪም ቤት ስታስተረጉሙ፣ የሰውን ሐሳብ ሳታዛንፉ ማስተላለፍንና የሰው ምሥጢር መጠበቅን ተምራችኋል። የቤት ኪራይ ጉዳይ ይዛችሁ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ደብዳቤ የተጻጻፋችሁ ከሆነ፣ ሕግ አንብባችሁ የሰው ጉዳይ ተከታትላችኋል። በቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ያስተማራችሁ፣ የእድር መዝገብ የያዛችሁ፣ ቅዳሜና እሑድ በሱፐርማርኬት የሠራችሁ ሁሉ ማስረጃ አላችሁ። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የተቆጣ ደንበኛ ያበረደ ልጅ፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ ሲጠየቅ ውድ ክለብ ውስጥ ጊዜውን ካሳለፈ ልጅ የተሻለ መልስ አለው።

እያንዳንዱን ገጠመኝ በአራት መስመር አስፍሩ፦ ሁኔታው ምን ነበር? የእኔ ኃላፊነት ምን ነበር? ምን አደረግሁ? ውጤቱስ ምን ሆነ? ሦስተኛው መስመር ከሁሉም ይርዘም። ስምንት ወይም አሥር እንዲህ ያሉ ገጠመኞች በእጃችሁ ካሉ፣ ከማመልከቻው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ስንቅ ይሆኗችኋል።

ቀጥተኛ የሕግ ልምድ ከሌላችሁ ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ለንደን ስትራንድ ላይ የሚገኘው ሮያል ኮርትስ ኦቭ ጀስቲስ፣ በፓርላማው አደባባይ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የሠራተኛ ጉዳይ ችሎቶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ገብታችሁ ክርክር ስሙና የሰማችሁትን ጻፉ። ፎሬጅ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ትልልቅ ቢሮዎች ያዘጋጇቸው ነጻ የኢንተርኔት ልምምዶች አሉ። የዩኒቨርሲቲያችሁ የነጻ ሕግ አገልግሎት ደግሞ አማርኛ የሚናገር ተማሪ ቢያገኝ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ቅጾቹ በቃላት ቢለያዩም ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ለምን ሕግ? ለምን ይህ ቢሮ? ለምን አንተ ወይም አንቺ?

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ። «ቢሮዎ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀና በጥራቱ የተመሰገነ በመሆኑ ለመሥራት እጓጓለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ቢሮ ሊላክ ስለሚችል ለማንም አልተጻፈም። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በአፍሪካ የኃይል ማመንጫ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራውን ክፍላችሁን የመረጥሁት፣ በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የኃይል ግዢ ውሎችን ሳጠና አበዳሪው፣ መንግሥትና ገንቢው አደጋውን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ስላየሁ ነው።» ሁለተኛው ስለ ቢሮው አንድ እውነት፣ ስለ ጸሐፊው ደግሞ አንድ ማስረጃ ይዟል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገራችሁን በዚህ መዝኑ፤ የቢሮውን ስም በሌላ ስም ብትተኩት ሳይፋለስ ከቆመ ሰርዙት።

ለእኛ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችም አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይሞላል፤ ከፓስፖርቱና ከዩኒቨርሲቲው ማስረጃ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በኋላ ማጣራት ያስከትላል። በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት። ኢትዮጵያ የተማራችሁ ከሆነ ዓመቱን ወደ እዚህ አገር አቆጣጠር ለውጡ፤ የትምህርት ማስረጃችሁን ተመጣጣኝነትም ዩኬ ኢኒክ በተባለው ድርጅት ማስመዘን ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ቅጹ ስለ አስተዳደጋችሁ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ብዙ ቢሮዎች ውጤትን ከኑሮ ሁኔታ ጋር አያይዘው ይመዝናሉ፦ ትምህርት ቤታችሁ አማካይ ውጤቱ ምን ነበር፣ ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ ታገኙ ነበር ወይ፣ ከቤተሰባችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው ናችሁ ወይ፣ በስደት የመጣችሁ ናችሁ ወይ። ይህን የምትሞሉት ለምጽዋት አይደለም። በደካማ ትምህርት ቤት የተገኘ ቢ በሀብታም ትምህርት ቤት ከተገኘ ቢ ይልቅ ስለ ተማሪው ብዙ ይናገራል፤ ቢሮውም ይህን ማወቅ ይፈልጋል። ሕመም ወይም ሐዘን ውጤታችሁን ከጎዳው ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ በአጭሩና በማስረጃ አስፍሩ። የአካል ጉዳት ወይም እንደ ዲስሌክሲያ ያለ የንባብ ችግር ያለባችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ምክንያታዊ ማስተካከያ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ተጨማሪ ሰዓት ከሚያስፈልጋችሁ ከፈተናው በፊት ጠይቁ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ቢሮዎች አቋማቸውን በግልጽ ጽፈዋል። የቢሮውን ደንብ አንብቡና አክብሩት። ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ ማሽን የጻፈውን እንደ ራሳችሁ አታቅርቡ፤ በቃለ መጠይቅ ላይ የምትጠየቁት በማመልከቻችሁ ውስጥ ባለው ቃል ነው።

ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ለሌላ ሰውም አስነብቡ። የቢሮውን ስም ተሳስቶ የጻፈ ሰው፣ ስሕተት ላለመሥራት ለሚከፈለው ሙያ ጥሩ ማስረጃ አላቀረበም።

ደረጃ 6፦ ለኢንተርኔት ፈተናዎች ተለማመዱ

ማመልከቻውን ተከትሎ ብዙ ቢሮዎች ፈተና ይልካሉ። በሕግ ቢሮዎች ዘንድ የታወቀው ዋትሰን ግሌዘር የሚባለው የማመዛዘን ፈተና ነው። የተለመደው ቅጹ በ30 ደቂቃ 40 ጥያቄ ያቀርባል፤ ለአንዱ 45 ሴኮንድ ማለት ነው። አምስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ አለው።

በመጀመሪያው ክፍል አንድ ግምት ከተሰጠው መረጃ ምን ያህል እንደሚከተል ትወስናላችሁ። «አንድ ቢሮ ለ20 ተማሪዎች የሥራ ልምምድ ሰጠ፤ ከእነርሱ 12ቱን ለሥልጠና መረጠ» ቢልና «ከግማሽ በላይ ተመርጠዋል» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እውነት ነው። «ያልተመረጡት ስምንቱ ቃለ መጠይቁን ወድቀው ነው» ቢል ግን በቂ መረጃ የለም፤ ራሳቸው ትተውት ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ክፍል ተናጋሪው ሳይናገር አምኖ የተቀበለውን ትፈልጋላችሁ። «ሰነዱን ዛሬ ማታ እንላክለት፤ ነገ ጠዋት ለስብሰባው ተዘጋጅቶ ይመጣል» ያለ ሰው፣ ደንበኛው ሰነዱን ከስብሰባው በፊት ያነበዋል ብሎ አምኗል። ደንበኛው ከስልክ ይልቅ ኢሜይል ይወዳል ብሎ ግን አላመነም።

በሦስተኛው ክፍል ድምዳሜው የግድ መከተል አለበት። «ሠልጣኞቹ ሁሉ ዲግሪ አላቸው፤ ዲግሪ ካላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ አማርኛ ይናገራሉ» ከተባለ፣ «ከሠልጣኞቹ አንዳንዶቹ አማርኛ ይናገራሉ» ማለት አይከተልም። አራተኛው ክፍል ድምዳሜው ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ከመረጃው ይወጣ እንደሆነ ይጠይቃል። አምስተኛው ክርክር ጠንካራ ወይም ደካማ መሆኑን ይጠይቃል፤ ጠንካራ ክርክር ማለት ከጥያቄው ጋር በቀጥታ የተያያዘና ክብደት ያለው ነው። በግል ብትስማሙበትም ባትስማሙበትም ለፈተናው አይጠቅምም።

ዋናው ጥንቃቄ ከውጭ የምታውቁትን ወደ ጽሑፉ አለማስገባት ነው። በነጻ የሚገኙ ልምምዶችን ሥሩ፤ የተሳሳታችሁበትን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳታችሁ በጽሑፍ መዝግቡ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለሁለት ሳምንት መለማመድ በአንድ ሌሊት ከመጨናነቅ ይበልጣል።

አንዳንድ ቢሮዎች ደግሞ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይጠቀማሉ፤ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ መልሳችሁ ይቀረጻል። በስልካችሁ ራሳችሁን እየቀረጻችሁ ተለማመዱ። ቤታችሁ ጠባብና ሰው የሚበዛበት ከሆነ በዩኒቨርሲቲያችሁ ጸጥ ያለ ክፍል ቀድማችሁ አስይዙ።

ደረጃ 7፦ የንግድ ግንዛቤያችሁን አሳድጉ

ቢሮዎቹ ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው። ዜና በቃል መያዝ አይበቃም፤ አንድ የንግድ ክስተት ደንበኛውን እንዴት እንደሚነካውና ጠበቃው ምን እንደሚሠራበት ማየት አለባችሁ። አንድን ጉዳይ በጥልቀት መያዝ አሥር አርዕስተ ዜና ከመሸምደድ ይሻላል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራ የኩባንያዎች ስብስብ በ850 ሚሊዮን ዶላር የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ። በስብስቡ ውስጥ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና ዛሬ ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ድርጅት ነበሩበት። በ2023 ደግሞ ለኤምፔሳ የገንዘብ አገልግሎት በ150 ሚሊዮን ዶላር ሌላ ፈቃድ ተጨመረ። እንግዲህ ጠይቁ፦ ባለአክሲዮኖቹ ቢጣሉ ማን ይወስናል? አበዳሪው ብሩ ቢረክስ ገንዘቡን እንዴት ያስመልሳል? ትርፉ በውጭ ምንዛሪ ካልወጣስ? ጦርነት ሥራውን ቢያቋርጥ ውሉ ምን ይላል? ማማ የሚተከልበት መሬት በማን ስም ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ አንድ ክፍል ያሠራል። እንዲህ የምታስቡ ከሆነ «በቅርቡ የሳባችሁ የንግድ ዜና አለ?» ሲባል በራሳችሁ አንደበት ትመልሳላችሁ።

ቢሮውም ራሱ ንግድ መሆኑን አትርሱ። ጠበቆች ብዙ ጊዜ ሰዓታቸውን በስድስት ደቂቃ እየከፈሉ ይመዘግባሉ፤ ደንበኛው የሚከፍለው በዚያ ነው። «ደንበኞቻችሁ ከእናንተ የሚፈልጉት በምን እየተለወጠ ነው?» የሚል ጥያቄ ይህን ከተረዳ ሰው ሲመጣ ይደመጣል።

ደረጃ 8፦ ለምዘናው ቀን ተዘጋጁ

አሰስመንት ሴንተር የሚባለው ቀን ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ሥራ፣ የቡድን ውይይት፣ የጉዳይ ትንተናና ቃለ መጠይቅ ይይዛል። የጉዞ ወጪ ይመለስ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ።

በጉዳይ ትንተናው የበርካታ ገጽ ሰነድ አንብባችሁ ምክር ትሰጣላችሁ። ለምሳሌ ደንበኛችሁ አንድ የዳቦ ፋብሪካ ሊገዛ ነው እንበል። ሰነዱን ስታገላብጡ ሦስት ችግር ታገኛላችሁ፦ የፋብሪካው ትልቁ ገዢ ባለቤትነት ከተለወጠ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የንግድ ምልክቱ የተመዘገበው በኩባንያው ሳይሆን በመሥራቹ ስም ነው፤ አንድ የቀድሞ ሠራተኛም ክስ አቅርቧል። ደካማ መልስ ሦስቱን ይዘረዝራል። ጥሩ መልስ በክብደታቸው ያስቀድማቸዋል፣ ለእያንዳንዱም መፍትሔ ይሰጣል፦ ትልቁ ገዢ ከሌለ ንግዱ ዋጋ ስለሚያጣ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ስምምነቱ በጽሑፍ ይገኝ፤ የንግድ ምልክቱን ማዛወር የሽያጩ ቅድመ ሁኔታ ይሁን፤ ለክሱ ሻጩ ኪሳራውን ሊተካ በውል ይግባ። ከዚያ በመጀመሪያው መስመር ላይ ድምዳሜያችሁን አስቀምጡ። ደንበኛ ምክንያቱን የሚያነበው መልሱን ካወቀ በኋላ ነው።

በጽሑፍ ሥራው አጭር ዓረፍተ ነገርና ግልጽ ንዑስ ርዕስ ተጠቀሙ፤ ለማረም የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች አስቀሩ። በቡድን ውይይቱ ብዙ የተናገረ አይመረጥም፤ ዝም ያለም አይመረጥም። ሰዓት የሚጠብቅ፣ የሌላውን ሐሳብ በስሙ ጠርቶ የሚያዳብር፣ ዝም ያለውን «አንተስ ምን ታስባለህ?» የሚል ሰው ይታያል።

በቃለ መጠይቁ ከፊታችሁ የሚቀመጠው ፓርትነር የሚባለው የቢሮው ባለድርሻ ጠበቃ፣ ምናልባት በወላጆቻችሁ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅን አንቱ ማለት፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግና አለመሟገት ክብር ነው። እዚያ ግን ሰውየው በስሙ እንድትጠሩት ይጠብቃል፤ ዓይናችሁን ሲያጣ የምትደብቁት ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ሐሳባችሁን ሲገፋም ሆን ብሎ ሊፈትናችሁ ነው። በትሕትና ተሟገቱ፦ «የሚሉትን ተረድቻለሁ፤ ቢሆንም በዚህ ምክንያት አቋሜን እጠብቃለሁ» ወይም «ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ይህ ከተጨመረ መልሴ ይለወጣል።» ሁለቱም ጥሩ መልሶች ናቸው። የማታውቁትን «ይህን ማጣራት አለብኝ» ማለት ከመገመት ይሻላል፤ ለደንበኛ የገመተ ጠበቃ ደንበኛውን ይጎዳል። ስማችሁ ለመጥራት የሚከብድ ከሆነ አታሳጥሩት፤ አንድ ጊዜ በቀስታ ንገሯቸው፣ ይለምዱታል።

ደረጃ 9፦ ልምምዱ ላይ ስትገቡ

የልምምዱ ሳምንታት በሙሉ ፈተና ናቸው፤ ብዙ ቢሮዎች በመጨረሻው ሳምንት ለትሬኒንግ ኮንትራክቱ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ሥራ ሲሰጣችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የሚያነበው ማን ነው? መቼ ይፈለጋል? በምን መልክ ይቅረብ? ምን ያህል ሰዓት ላጥፋበት? ሁለት ሥራ ከተጋጨባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ያገኛችሁትን አስተያየት በሚቀጥለው ሥራ ላይ አሳዩ፤ በዚህ የተሻሻለ ሠልጣኝ ይታወሳል።

ምሥጢር ጠብቁ። የደንበኛ ስም በማኅበራዊ ገጽ ላይ አይጻፍም፣ በባቡር ውስጥ በአማርኛም ቢሆን አይወራም፣ ሰነዱም ቢሮው ያልፈቀደው የኢንተርኔት መሣሪያ ውስጥ አይገባም። ከጸሐፊዋ እስከ ፓርትነሩ ላሉት ሁሉ እኩል አክብሮት አሳዩ።

ደረጃ 10፦ ካልተሳካ

ዛሬ ሶሊሲተር ከሆኑት መካከል ብዙዎች ደጋግመው ተመልሰዋል። የደረሳችሁበት ደረጃ የሚጎድላችሁን ይናገራል። ፈተናው ላይ ከቀራችሁ ልምምድ፣ ማመልከቻው ላይ ከቀራችሁ ማስረጃ፣ የምዘናው ቀን ላይ ከቀራችሁ የንግግር ዝግጅት ጎድሏል። ቢሮው አስተያየት የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቱ፣ በሕግ ቢሮ በረዳትነትም ሥሩ። የኤስኪውኢን ክፍያ በራሳችሁ ለመክፈል ካሰባችሁ የሶሊሲተሮች ማኅበር የሆነው ሎው ሶሳይቲ ለተቸገሩ ተማሪዎች ያቋቋመውን የዳይቨርሲቲ አክሰስ ስኪም ድጋፍ አጣሩ።

በመጨረሻ ሁለት ጥሪ አለኝ። ይህን ያነበባችሁ ተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ቢሮ ምረጡ፣ የመዝጊያ ቀናቸውን መዝግቡ፣ የአራት መስመሩንም ደብተር ክፈቱ። ቀድማችሁ ወደ ሙያው የገባችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፣ በዚህ ዓመት የአንድ ልጅ ማመልከቻ አንብባችሁ አርሙ፣ ለአንድ ሰዓትም ቃለ መጠይቅ አለማምዱት። እናንተ ስትገቡ የሚያሳያችሁ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ግን ሊኖር ይገባል።